ማሰር የቀለላቸው፣ መፍታት የከበዳቸው አለቃ

ከመቅደስ አገልግሎት ያረፍኩት ባለፈው ጥምቀት ማግስት ነው። «አረፍኩ» የምለው ለወጉ ያህል እንጂ ያሳረፉኝ ዓይኖቼ ናቸው። ሞራ ጋርዷቸው መጽሐፉ ላይ ያለው ፊደል ሁሉ አንድ ጥቁር መስመር ሆነብኝ። ጥቂት ወራት በቃሌ እየቀደስኩ ገፋሁ። አንድ እሑድ የደረጃውን ጠርዝ ስቼ ዲያቆኑ ክንዴን ባይዘኝ ኖሮ ጽዋውን ይዤ መውደቄ ነበር። በዚያው ቀን በቃኝ አልኩ።

ሰበካ ጉባኤው መሸኛ አዘጋጀልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ዣንጥላ ሰጡኝ። ጸሐፊው ማይኩን ጨብጦ «አባታችን ቄስ ሞገስ በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ከማንም ጋር ተጣልተው የማያውቁ የሰላም አባት ናቸው» አለ። ሕዝቡ እልል ሲል እኔ ጋቢው ውስጥ ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ማይኩን ልቀማው ስል ባለቤቴ ጥሩነሽ ጉልበቴን ጨብጣ አስቀመጠችኝ። ቤት ገብተን «ለምን ያዝሽኝ?» ብላት «ታዲያ የሰው ምሳ ይቀዝቅዝ ኖሯል?» አለችኝ።

ምሳው ተበልቷል፤ አሁን እናገራለሁ። እኔ እያወራሁ ልጄ ሰብለ ትጽፋለች፤ ቃሌን እንዳታለሰልስብኝም አስጠንቅቄያታለሁ። ከማንም ጋር ያልተጣላ ቄስ አይደለሁም። ከአንድ አለቃ ጋር በአደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ ተጣልቻለሁ። ባልጣላ ኖሮ ዛሬ መስቀሌን ለሰው ለማሳለም አፍር ነበር። እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ስማቸውንም የደብሩንም ስም አልጠራም። የሠሩትን ግን እጠራለሁ፤ የሠሩት በስውር አልነበረምና።

መጀመሪያ ግን ክህነት ምን እንደሆነ ያሳዩኝን ሰው ልናገር።

ቅስና ተቀብዬ የተመደብኩት ከብልባላ በላይ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። ደሞዙ ስም ብቻ ነበር፤ ገብስ ዘርቼ፣ በግ አርብቼ ነው የኖርኩት። እዚያ መምሬ አድማሱ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ስብከት አይችሉም። ሲሰብኩ ከምእመኑ ግማሹ ያንቀላፋል፤ እሳቸውም አንዳንዴ አብረው ያንቀላፋሉ። ሰው ማናዘዝ ላይ ግን እንደ እሳቸው ያለ ቄስ እስካሁን አላየሁም።

ሰው ሊናዘዝ ሲመጣ ፊት ለፊት አይቀመጡም። ጎን ለጎን ይሆኑና ሁለቱም ወደ ገደሉ ያያሉ። «ፊቴን እያየ ከተናገረ ፊቴን ደስ የሚያሰኘውን ነው የሚነግረኝ» ይሉኝ ነበር። «ከማን ጋር?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ያኛው ሊናዘዝ አልመጣ፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይላሉ።

የንስሐ ልጆቻቸው ከቅዳሴ በኋላ ከጥዱ ሥር ተራ ይጠብቃሉ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ሥራ ፈት ነው፤ ማን ብዙ ቆየ፣ ማን ቶሎ ተነሣ እያለ የሰውን ኃጢአት በመቆያው ይለካል። መምሬ ይህን ያውቃሉ። ቀላል ነገር ይዞ የመጣውን ስለ ገብሱ፣ ስለ ውርጩ፣ ስለ ታመመችው በግ እያወሩ ያቆዩታል። ከባዱን የያዘውም የሚቆየው ያንኑ ያህል ነው። ሲነሡ ማንም ከማንም አይለይም። እኔ መጀመሪያ ወሬ ወዳጅ ናቸው ብዬ አምቻቸዋለሁ፤ የገባኝ ከርሞ ነው።

ከባድ ነገር የነገራቸው ሰው ካለ ደግሞ በማግስቱ ቤቱ ድረስ ሄደው ማጭድ ይዋሳሉ። ማጭድ ቤታቸው ሞልቷል። «ምነው መምሬ?» ብላቸው «ትናንት ጉዱን የነገረኝ ሰው ዛሬ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሸሻል። ዕቃውን ከያዝኩበት ግን ሊቀበል መምጣቱ አይቀርም፤ እንደ ድሮው መሆናችንንም ያያል» አሉኝ። ቀኖና ሲሰጡም ሰው የሚያየው ቅጣት አይሰጡም። ስግደት ያዘዙ እንደሆነ እኩሌታውን ራሳቸው ይሰግዱለታል። አንድ ጊዜ አንድን ገበሬ ያለ ጥፋቱ ሰው ፊት ተቆጡት። እንደተሳሳቱ ሲያውቁ ጫንቃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ በገበያ መንገድ፣ በዚያ ሽምግልናቸው ደጁ ድረስ ሄደው ይቅር በለኝ አሉት። ገበሬው ድንጋዩን ሊያወርድላቸው ሲሮጥ ተደናቅፎ ወደቀ፤ ሁለቱም እየሳቁ ታረቁ።

ከዚያ ወደ ላሊበላ ከተማ ተዛወርኩ። ለገና እንግዳ ሲጎርፍ፣ የተሳላሚው እግር ሲታጠብ፣ አስጎብኚው ሲጮህ፣ ካህኑ መቆሚያ ሲያጣ፣ ያን ሁሉ የሚመሩ አስተዳዳሪ ነበሩን። ቁጡ ነበሩ። ሲቆጡ ድንጋዩ ይሰማል። ግን በነጋታው ከኪዳን በኋላ ትናንት የጮኹበትን ሰው በስሙ ጠርተው፣ ሁላችን ባለንበት «አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በለኝ» ይላሉ። የጮኹበት ሰው ፊት ብቻ ሳይሆን ሲጮኹ የሰማው ሁሉ ፊት ነው። ከሳቸው ጋር የሠራሁባቸው ዓመታት በሥራ የደከምኩባቸው፣ በልቤ ግን ያረፍኩባቸው ናቸው። ቁጣ ሰውን አያበላሽም። የሚያበላሸው አልሳሳትም ማለት ነው።

ይህንን ያስተማረኝ ሦስተኛው ደብር ነው፤ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት ደጋ ላይ።

አለቃው ድምፃቸው ሲያዜሙ ፀጉር ያቆማል። ግርማቸው ያስፈራል፣ ያምራልም። ፈርሶ የነበረውን ሕንፃ ከመሠረቱ ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ባልናገር ዋሾ እሆናለሁ። ያቆሙት ግን በግዝት ነው። ድንጋይ ያላመጣ፣ ገዝቻለሁ። በበዓል እርሻ የወጣ፣ ገዝቻለሁ። አለቃውን ያማ፣ ገዝቻለሁ።

ግዝትን ለማያውቅ ላስረዳ። ቄስ በቃሉ ያሰረው ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም። ጎረቤት እሳት አይጭርለትም፣ ለቅሶ አይደርሰውም፤ የረዳው ሁሉ አብሮ የታሰረ ይመስለዋል። ሲሞትም ፍትሐት አይደረግለትም፤ በቅጥሩ ውስጥም አይቀበርም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሰዉ ያሰረው ራሱ ካልፈታ አይፈታም ብሎ ማመኑ ነው። ከአሳሪው ሌላ መፍታት የሚችሉት ጳጳሱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ግዝት የሚወድ አለቃ የያዘ ሕዝብ ጠዋት ተነሥቶ ፀሐይ መውጣቷን ሳይሆን የአለቃውን ፊት ነው የሚያይ።

አንድ ቀን ካህናቱን ሰበሰቡን። እሳቸው ወንበር ላይ፣ እኛ ቆመን።

«ለደብሩ ሰላም ስል ነው» አሉ። «የንስሐ ልጆቻችሁ የሚነግሯችሁን፣ ከበድ ያለውን፣ እኔም ልወቀው። አባት የቤቱን ጉድ ማወቅ አለበት።»

ሁሉም ምድር ምድሩን አየ። እኔ «አለቃ፣ ይህን አላደርግም» አልኩ።

«ለእኔ ነው እኮ የምትነግረኝ፣ ለገበያ አይደለም።»

«ለእርስዎም ቢሆን።»

ሳቅ አሉና «ቄስ ሞገስ ከላሊበላ ትዕቢት ይዞልን መጥቷል» አሉ። ሌሎቹም ሳቁ። መሳቃቸው አልገረመኝም፤ ካልሳቁ ቀጥሎ የሚሳቅባቸው እነሱ ናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዳንዶቹ አለቃው ቤት አዘውትረው መግባት አመጡ። የንስሐ ልጆቻቸውን በዓይኔ እያየሁ ስንቱ ጓደኛዬ ምን ይዞ እንደሚገባ አሰብኩና አንገሸገሸኝ።

ከአለቃው የንስሐ ልጆች አንዷ ወይዘሮ ደብሬ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ቤቷን በጉልበቷ የያዘች፣ አፏም እጇም የማይደክም ሴት። ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረቻት። አንድ እሑድ አለቃው አውደ ምሕረት ላይ ቆመው ሲሰብኩ፣ «በመካከላችን አንዲት ሴት አለች» ብለው ጀመሩ። ስም አልጠሩም። ግን ያወሩት ሁሉ ወደ አንዲት ደጃፍ ብቻ የሚያመራ ነበር። ነገሩ ምን እንደሆነ አላስጽፍም። በዚያ ቀን አገር ሁሉ አውቆታል፤ በእኔ በኩል ግን አይደገምም።

ወይዘሮ ደብሬ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ፣

«አባ፣ ይህን የነገርኩዎት እኔ ነኝ» አለች። «በንስሐ ነው የነገርኩዎት። ስሜን ለምን ዘለሉት? ይጥሩኝ እንጂ!»

 እሷ በሕዝቡ መካከል አልፋ ወጣች። ትርንጎ ተከተለቻት። አለቃው ፊታቸው ጠቆረና መስቀላቸውን አነሡ። «ገዝቻታለሁ! እሳት የጫረላት፣ ውኃ የቀዳላት፣ ቢጤዋ ነው፤ ገዝቻለሁ!» አሉ። ያ ፀጉር የሚያቆም ድምፅ እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ።

በሳምንቱ ወይዘሮ ደብሬ እኔ ጋ መጣች።

«አባዋ፣ እርስዎ ይቀበሉኝ» አለች። «ሌላ ነገር አልለምንዎ። ቆርቤ መሞት፣ ከባለቤቴ ጎን መቀበር። ሌላ ምን አለኝ?»

በዚያን ጊዜም ትስል ነበር፤ ግን ገና ውኃ ትቀዳለች፣ በጓሮዋ ትኮተኩታለች። በሥርዓታችን የሌላውን ቄስ የንስሐ ልጅ ሳያሰናብት መቀበል ነውር ነው፤ የታሰረችውን ደግሞ ያው አሳሪው መፍታት አለበት። ስለዚህ ሽማግሌ ይዤ አለቃው ቤት ሄድኩ።

«አውደ ምሕረት ላይ ወድቃ እግሬን ትሳም» አሉ። «ከዚያ አስብበታለሁ።»

ይህንን ነገርኳት። «እግዜርን በድዬ እንደሁ አፈር እልሳለሁ» አለችኝ። «እሳቸውን ምን በደልኩ? ጉዴን ያወጡት እሳቸው፤ እኔን ይቅርታ የሚለኝ ማነው?»

 ልክ ነበረች።

እንግዲህ የመምሬ አድማሱን አደረግሁ። ድንጋይ ተሸክሜ ስለ እሷ ልለምን አለቃው ደጅ ቆምኩ። ከቅዳሴ መልስ የቆምኩ ፀሐይዋ አናት እስክትደርስ አልወጡም። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። በመጨረሻ ወጥተው አዩኝና፣ «ድንጋዩን እዚያው አስቀምጠው፤ ለአጥሩ ይሆናል» ብለው አልፈውኝ ሄዱ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እፈራቸው ነበር። ድንጋዩን ሳወርድ ፍርሃቴም አብሮ ወረደ።

ጥሩነሽ ይህን ሰምታ ከምድጃዋ ፍም በገል አፈሰች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ መካከል፣ ማንም እንዲያያት ቀስ እያለች ወይዘሮ ደብሬ ቤት ወሰደችላት። «እኔንም ይግዘቱኝ፤ የቄስ ሚስት ታስራ ምን እንደምትመስል አገር ይይ» አለች። አልገዘቷትም። እንደ እሳቸው ያለ ሰው የሚያስረው የሚፈራውን እንጂ የማይፈራውን አይደለም።

ከጥሩነሽ ሌላ ያን ደጃፍ የረገጠ አንድ ሰው ነበር፤ መንገድ ዳር ሱቅ ያለው ሰዒድ። እስላም ነው። ጨውና ሳሙና እያደረሰላት «አባ፣ አለቃው እኔን በምን ያስሩኛል?» ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ክርስቲያን መካከል በክርስቲያን ወግ የጠየቃት እሱ መሆኑን እያሰብኩ አፍር ነበር።

የቀረው ጳጳሱ ናቸው። አቤቱታ ጽፌ፣ ሽማግሌዎቹን አስፈርሜ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በመኪናም በእግርም ከተማ ወደሚገኘው የሀገረ ስብከቱ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ቁጭ ብለው የሚያስተናግዱት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ «ይጣራል» አሉኝ። ብፁዕነታቸውም ጉዳዩን ሲሰሙ ልባቸው ተነክቶ የመፍታት ቃላቸውን ጽፈው ሰጡኝ። ለመመለስ ስነሣ ግን በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘጋ። የማውቀው ሰው ቤት ተጠግቼ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እያልኩ ሰነበትኩ። መኪና ሳጣ በእግሬ ተነሣሁ።

ስደርስ ወይዘሮ ደብሬ አፈር ገብታለች።

ሳሏ ድንገት ጠንቶባት ነው። ትርንጎ ቄስ ፍለጋ ከቤት ቤት ዞራለች። በሞት አፋፍ ያለን ሰው የትኛውም ቄስ ሊፈታው እንደሚችል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሕግ ነው። ግን አንዱ አሞኛል አለ፣ አንዱ ከኋላ በር ወጣ። እኔ የለሁም። ሳትናዘዝ፣ ሳትቆርብ ሞተች። ከአጥሩ ውጭ፣ ከተዳፋቱ ላይ ተቀበረች። መቃብሩን የቆፈረው ሰዒድ ነው፤ ወንድሞቹን ጠርቶ። ትርንጎ እናቷን የቀበረችው ጥሩነሽንና አንዲት ዘመዷን ብቻ ይዛ ነው።

ወደ ተዳፋቱ ወጥቼ አለቀስኩ። በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ቀን ያቃጠለኝ የለም። የጳጳሱ ቃል ኪሴ ውስጥ አለ፤ የምትፈታዋ ግን የለችም። የማስፈቀድ መንገድ ይዤ ሄጄ ሴትዮዋን አጣኋት። ከዚያ ወዲህ ለሚሞት ሰው ማንንም አስፈቅጄ አላውቅም፤ ይህን ለሚሰማኝ ወጣት ቄስ ሁሉ እነግራለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ።

አርባዋ እሑድ ዋለ። ቅዳሴው አልቆ ሰው ከመበተኑ በፊት መስቀሌንና ጥናዬን ይዤ በበሩ ወጣሁ። መቃብሯ ላይ ቆሜ ጸሎተ ፍትሐቱን ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ድምፄ እንደ አለቃው አይደለም፤ ይሰነጣጠቃል። ሕዝቡ አጥሩ ላይ ተደርድሮ ያያል። አለቃው ወጡ።

«አንተ! በማን ፈቃድ?»

«በክህነቴ!» አልኩ። የጳጳሱን ወረቀት ከኪሴ አላወጣሁም።

«ገዝቼሃለሁ!»

«ይግዘቱ!»

ዕጣኑን ጨምሬ ቀጠልኩ።  ጥቂት እንደቆየሁ አንዲት አሮጊት በበሩ ወጥታ መጥታ ከጎኔ ቆመች። ቀጥሎ ሁለት ገበሬዎች። ቀጥሎ ያ ከኋላ በር የወጣው ቄስ መጣና ከጸሎቱ ተቀበለኝ፤ እያለቀሰ ነበር የሚያዜመው። ሌላው ሕዝብ አጥሩ ላይ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላኝ ከደብሩ ተነሣሁ። ጓዜን የጫነልኝ ሰዒድ ነው።

እኔን ጳጳሱ ፈቱኝ፤ ወደ ላሊበላ ተመልሼ ሌላ ቦታ አገለገልኩ። ትርንጎም ከዚያ አገር ወጥታ ላሊበላ አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተቀጠረች። አልፎ አልፎ እኛ ቤት ትመጣለች። ከጥሩነሽ ጋር ትስቃለች። እኔን ትሳለመኛለች፤ ግን አንድ ቀን «የንስሐ አባት ያዢ እንጂ ልጄ» ብላት ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴን ያየሁ እኔ አፌን ለቄስ አልከፍትም» አለች። «እወድዎታለሁ አባ። ቄስ ነዎት ግን።»

ደግሞም የሚያማት ነገር ነበር። እዚያ አገር ጳጳሱ ፈቱ ቢባል፣ እኔ ፈታኋት ብል፣ ሰዉ አሳሪው አልፈታት ብሎ ማማቱን አልተወም። ትርንጎ ለዘመድ ሠርግ በሄደች ቁጥር «የታሰረችቱ ልጅ» የሚል ሹክሹክታ ይከተላታል።

ከመቅደስ ባረፍኩ በጥቂት ወራት አንድ ቄስ ከዚያ ደብር ተልኮ ቤቴ መጣ። ያ በመቃብሩ ላይ እያለቀሰ የተቀበለኝ ነው። አለቃው በጠና ታመዋል። ሊናዘዙ ይፈልጋሉ። እኔን ነው የጠሩ።

«ለምን እኔን? ደብሩ ቄስ ሞልቶት የለ?»

አንገቱን ደፋ። «ማናቸውን ይመኑ? ሁላችንም የሰማነውን እንድንነግር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።»

ጥሩነሽ ፈረስ ለመለመን ቀድማኝ ወጣች። እኔ ግን መንገዱን ሁሉ ስቆጣ ነው የሄድኩት። «በመጀመሪያ እሷን ይፍቱ፤ ካልፈቱ አልሰማዎትም» የሚለውን ቃል አዘጋጅቼ፣ ደጋግሜ አጥንቼ ነበር። ደጃቸው ስደርስ፣ ያ ድንጋይ ተሸክሜ የቆምኩበት ቦታ ላይ፣ ቃሉ ምን እንደሆነ ገባኝ። ግዝት ነው። የሚሞትን ሰው በንስሐው ማሰር ነው። አለቃው ያስተማሩኝን እሳቸው ላይ ልሠራባቸው ነበር። ቃሉን ዋጥሁት።

መደብ ላይ ተጋድመዋል። ድምፃቸው አልቋል። አሁን የማስጽፈው ኑዛዜው ሳይጀመር የተባባልነውን ነው፤ ስለዚህ ይጻፋል።

«መጣህ» አሉኝ።

«መጥቻለሁ። አለቃ፣ ቢፈቷትም ባይፈቷትም እሰማዎታለሁ። ይህን ይወቁ። ግን እለምንዎታለሁ፤ ደብሬን ይፍቷት። እዚህ አይደለም፤ ባሰሩበት።»

«በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው?»

«እሷን የት ነበር ያዋረዷት?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።  እኔም አልጎተጎትኩም። ከዚያ «ሰዎቹ ይሸከሙኝ» አሉ።

እሑድ በቃሬዛ ወደ አውደ ምሕረቱ አመጧቸው። ትርንጎ ጥሩነሽ ልካባት መጥታ ነበር፤ ከአጥሩ ወዲያ ከሰዒድ ጎን ቆማለች፤ ወደ ውስጥ አልገባም ብላ። አለቃውን ቀና አደረጓቸው። ያ ወንዝ ማዶ ይሰማ የነበረ ድምፅ አሁን ከአጠገባቸው ላለ ሰው እንኳ አልሰማ አለ። አንዱ ቄስ ቃላቸውን ተቀብሎ ሊያስተጋባላቸው ጎንበስ ቢል በእጃቸው ገፉት። ራሳቸው ደገሙት። «ደብሬን ፈትቻታለሁ። እኔንም ፍቱኝ።» «እግዚአብሔር ይፍታዎ» የሚለው ቃል ከዚህም ከዚያም ተነሣ። ሁሉም አላለም። ትርንጎም አላለች።

በሰሞኑ ጎበዛዝቱ ተሰብስበው በተዳፋቱ በኩል ያለውን አጥር አፈረሱና መቃብሯን ወደ ውስጥ አስገብተው መልሰው ካቡት። ማንም አላዘዛቸውም።

አለቃው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ኑዛዜያቸውን ሰምቻለሁ፤ ቀብራቸው ላይም ቆሜ ፈትቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እረፍት አጣሁ። ቄሱም ገበሬውም በየመንገዱ ያስቆመኛል። «ምን አሉ? ስለዚያ ነገር አነሡ? ጸጸታቸው?» የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ሳይቀር «ለታሪክ ነው» ብሎ ጠየቀኝ። ታሪክ ከፈለገ የሠሩትን ይጠይቅ፤ ያን አደባባይ አይቶታል።

ከሁሉ የከበደኝ ትርንጎ ናት። ቤቴ መጣች፤ አልተቀመጠችም።

«ስለ እናቴ ምን አሉ?»

«አልነግርሽም፣ ልጄ።»

«ልጇ ነኝ! መብት የለኝም?»

«አለሽ። ቢሆንም አልነግርሽም።»

«የእሷን ጉድ ላወጡት ሰውዬ ነው የሚደብቁላቸው? ለእሳቸው?»

«ለእሳቸው» አልኳት።

 መስቀል ሳትሳለም በሩን ገፍታ ወጣች። ጥሩነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «ልጅቷን አጧት» አለችኝ። እኔም አጥቻታለሁ ብዬ ነበር። አዘንኩ፤ ሌት ተቀን አዘንኩ። ግን ተመልሳ ብትጠይቀኝ የምመልስላት ያንኑ እንደሆነ አውቅ ነበር።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሰሞን በሩ ተንኳኳ፤ ትርንጎ ናት። ነጠላዋን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣፍታ ለብሳለች።

«በቀደም ተናድጄብዎት ነው የሄድኩ» አለች። «ሥራ ቦታም ስናደድ፣ ሳለቅስ ከረምኩ። ኋላ ሳስበው፣ እኔ ልጇ ለምኜዎ እንኳ አልተናገሩም።»

ከጎኔ ቦታ ለቀቅኩላት።

«የንስሐ አባት ያዢ ብለውኝ ነበር። ለእሳቸው የዘጉትን አፍ ለእኔም ይዝጉልኝ» አለችና ተቀመጠች።